ቦይለሩ የማይወጣበት በር

የሰፈሩ ሰው በሌለችበት «እሾህ» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ «እትዬ»። ሁለቱንም ታውቃለች፤ እውነቱን ለመናገር የምትወደው የመጀመሪያውን ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም ደርሶ ያልረገጣት እሾህ ስለሆነች ነው እንጂ በሰው ደግነት አይደለም።

አንድ ቀን ግን እሾህ ራሷን ወጋች። የበኩር ልጇ መጥቶ መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ከሚያፈሰው ቦይለር ሥር የተቀመጠውን ባልዲ አየ፤ ማብሪያውን ሲጫን ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ቤቱ ጨለመ።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር አንቺን ሳይገድል አይቆምም» አላት። «ያለ ሙቅ ውሃ ደግሞ እጅሽ አይታዘዝሽም። እኛ ጋ ክፍል አለልሽ፤ ቤቱን እናከራየው።»

እጇን በተመለከተ አልዋሸም። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ግትር ይላሉ፤ ሙቅ ውሃ ካላፍታታቸው የሹራቧን አዝራር እንኳ መቆለፍ እምቢ ይሏታል። እሷ ግን ሐዘኔታ ሲሸታት ደሟ ይፈላል።

«ቦይለር ሲያረጅ ይቀየራል እንጂ ባለቤቱ አይቀየርም» አለች። «ነገ ማታ መጥተህ ታጠብ። ሙቅ ውሃ ካላገኘህ ሻንጣዬን ተሸክመህ ውሰደኝ፤ አንዲት ቃል አልተነፍስም።»

አፏ ከልቧ ቀድሞ ነው። ቢሆንም የተፋችውን ምራቅ መልሳ የምትልስ ሴት አይደለችም።

በማግስቱ ጠዋት የጠራችው የቧንቧ ሠራተኛ አዲስ ቦይለር በትከሻው ይዞ መጣ። ሥራ ሲሳካለት ስለሚያፏጭ ፉጨት ይሉታል። ገና ሲገባ የዕቃ ሣጥኑን ከመታጠቢያ ቤቱ በር መቃን ጋር አስደግፎ አኖረ።

«አንሳ! መቃኑን እንዳትጭረው!»

«ኧረ እማማ፣ እንጨት እኮ ነው።»

«እንጨትስ የአንተ ጭንቅላት ነው። ይሄ የባሌ እጅ ነው።»

ባሏ አናጺ ነበር። መቃኑን አንድ ምስማር ሳይመታ፣ እንጨትን በእንጨት እያቆላለፈ ነው የገጠመው። እሷም በየጊዜው ዘይት እየቀባች እንደ መስታወት ታበራዋለች።

ፉጨት ሣጥኑን አነሳና ሥራውን ጀመረ። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ፣ ውሃውን ዘጋ፣ ጎማ ገጥሞ የቦይለሩን ሆድ ወደ ግቢው ለቀቀው። መጀመሪያ ዝገት የመሰለ ውሃ ወረደ፤ ቀጥሎ የነጭ ድንጋይ ስብርባሪ።

«እማማ፣ ይሄ ቦይለር ዕድሜውን ሙሉ ጠጠር ሲቀቅል ነው የኖረው!»

«እስካሁን በስሎ ይሆናል። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ብሎኖቹን ፈታ፤ ያንን በርሜል የሚያህል የድሮ ቦይለር በሁለት እጁ አቅፎ እያቃሰተ ከግድግዳው አወረደው። «ሚስቴን እንኳ እንዲህ አቅፌያት አላውቅም።»

«ታዲያ ለዚህ ነዋ የምታኮርፍህ።»

እየሳቀና እያፏጨ ወደ በሩ አንከባለለው። ቦይለሩ መቃኑ ላይ ደርሶ ገጭ አለና ቆመ። ፉጨቱም አብሮ ቆመ። ቦይለሩን አቆመው፤ አልወጣም። አጋደመው፣ አዞረው፤ አልወጣም። ቀና ብሎ በሩን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ቦይለሩን አየ።

«አዲሱን ለክቼ ነው ያመጣሁት» አለ ግንባሩን እየጠረገ። «በሩን ግን... በር የሚለካ ማን አለ? ቆይ፣ ይሄ መጀመሪያ በየት ገባ?»

እሷ ይህን ጊዜ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። በየት እንደገባ ታውቃለች። ባሏ ቦይለሩን የሰቀለ ጊዜ በሩ ሰፊ ነበር። ኋላ ለአንድ ሀብታም የሠራው በር «ጠበበኝ» ተብሎ ሲመለስበት፣ ያን የመሰለ ሥራ አልጥልም ብሎ በሩን ለቤቱ በማስፋት ፈንታ ቤቱን ለበሩ አጠበበው፤ ወፍራም መቃን አስገባና ትርፉን ክፍተት ዘጋው። «ሰውዬ፣ ቦይለሩ አንድ ቀን መውጣት ቢፈልግስ?» ብላው ነበር። «እኔ ከሞትኩ በኋላ ይፈልግ» አላት።

ይኸው ፈለገ።

«ሁለት መንገድ ነው ያለው» አለ ፉጨት። «ወይ ግድግዳውን አፈርሳለሁ፤ ወይ ቦይለሩን እቆራርጠዋለሁ። መቁረጫው ግን ጓደኛዬ ጋ ነው፤ እሱም ያለ ሰኞ አይገኝም።»

ስልኳ ጮኸ። ልጇ ነው። «እማዬ፣ እንዴት ሆነ?»

ከተፈታው ቧንቧ ፈስሶ ወለሉን የሞላውን ውሃና በሩ ላይ እንደ አኩራፊ እንግዳ የተጋደመውን ቦይለር አየች። «ሳሙናህን ይዘህ ና» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ ጓዳ ገብታ የባሏን የእንጨት መዶሻ ይዛ ተመለሰች። በርጩማ ስባ መቃኑ ሥር አኖረች።

«እማማ! ምን ሊያደርጉ ነው? ይሄ እኮ የሟች እጅ ነው ብለውኛል!»

«የሟች እጅ የእኔን እጅ አያሞቅልኝም።»

መቃኑን ሁሉ የያዘችው አንዲት ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ናት፤ ከላይ በማዕዘኑ በኩል የተሰካች። የት እንዳለች የምታውቀው ባሏ መቃኑን የገጠመ ቀን ራሷ ስላቀበለችው ነው። በርጩማው ላይ ወጥታ ከኋላ በኩል መታቻት። ሕመሙ ከጣቷ እስከ ክርኗ ዘለቀ። ሽብልቋ ንቅንቅ አላለችም።

«ብዬህ ነበር!» አለች ጣሪያውን እያየች፣ ደግማም መታች። «ብዬህ ነበር፣ አንተ ግትር!» ይህን ጊዜ ፉጨት ለእሱ የተባለ መስሎት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ሽብልቋ ተፈናጥራ ውሃ ያቆረው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ጠለቀች። መቃኑ እንደ ሽማግሌ አቃሰተና ተላቀቀ። ፉጨት ዘሎ ያዘው፤ ልስኑ ተራግፎ ፀጉሩን አሸበተው። ቦይለሩም እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ወጣ። እሷ ከበርጩማው ወርዳ ሽብልቋን ከውሃው አወጣች፤ በቀሚሷ ጫፍ አድርቃ ኪሷ ከተተቻት።

የቀረው የፉጨት ሥራ ነበር። አዲሱን ሰቀለ፣ እንዳያፈስ በቧንቧው ጥርስ ላይ ቴፍሎን ጠመጠመ፣ ውሃውን ከፈተ። መብራት ሊያበራ ሲል እጁን ያዘችው። «ቧንቧው ትንፋሹን ሳይጨርስ? ቦይለሩ ውሃ ሳይሞላ ሲቃጠል ማየት ያምርሃል?» ቧንቧው ጥቂት እንደ ጉንፋናም ሳለ፣ ተፋ፣ ከዚያ ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ። ያን ጊዜ አበሩት። ብሬከሩ ዝም አለ። ፉጨት ማፏጨት ጀመረ።

ምሽት ላይ ልጇ መጣ። ሳሙና አልያዘም፤ ባዶ ሻንጣ ይዟል። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ በበሩ ፈንታ የተጋረደ አንሶላ፣ ከሥሩም እንፋሎት አየ።

«እማዬ! በሩስ?»

«ነቀልኩት» አለች ከውስጥ።

«የአባዬን በር? አንቺ? ሰው እንዴት ያለ በር ይታጠባል?»

«የምኖረው ብቻዬን ነው። ከማን ልደበቅ?»

ለባብሳ ወጣች፤ ፊቷ ቀልቷል። እጁን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችውና ውሃውን ከፍታ ቧንቧው ሥር አደረገችው። «ውይ!» ብሎ ሰበሰበው።

«ምነው፣ ቀዘቀዘህ?»

ሳቅ አመለጠው፤ ሻንጣውን ግን አልለቀቀም። «እና በሩ እንዲሁ ሊቀር ነው?»

«አንተ ትሠራዋለህ፤ የአናጺ ልጅ አይደለህ? ሰፋ አድርገህ ሥራው። አንድ ቀን እኔንም እንደ ቦይለሩ ተሸክመው ያወጡኛል፤ ያን ጊዜ ማንም እንዳይቸገር። እስከዚያ ግን ያንን ሻንጣ እንዳመጣኸው መልሰው።»

እጇን ኪሷ ከታ ሽብልቋን አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። ከዚያ እሱ ፊት ቆማ፣ ሳትቸኩል፣ የሹራቧን አዝራር ከታች እስከ አንገቷ ቆለፈች።