የሚስተር ኸርበርት እናት ድምፅ

ውድነሽ ዴንቨር ከተማ፣ ፓርክ ሂል ሰፈር ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም አዛውንቶችን ስትንከባከብ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሁሉም አንጀቷን የሚበሏት ሚስተር ኸርበርት ናቸው። እንግሊዝ አገር ተወልደው፣ ዴንቨር አርጅተው፣ ሚስታቸውን ቀብረው ብቻቸውን ቀርተዋል። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ አንድ ዲቪዲ ያስከፍታሉ፤ ፊልም መናገር በጀመረ ሰሞን እንግሊዞች የሠሩት፣ ዘፈንና ቀልድ የሞላበት ጥቁርና ነጭ ፊልም።

«እናቴ እዚህ ውስጥ አለች» ይላሉ። ሠራተኞቹ «መርሳት ጀምሯቸዋል» ብለው ያልፏቸዋል።

በረዶ በጣለበት አንድ ማክሰኞ ውድነሽ ሳህኑን ልታነሳ ስትገባ ሲያለቅሱ አገኘቻቸው።

«ምን ሆኑብኝ?»

«አልሰማትም» አሉ ጆሯቸውን እየነኩ። «ማዳመጫውም አልረዳኝም።»

ከመሳቢያቸው የእናታቸውን አንዲት ትንሽ ፎቶ አውጥተው ሰጧት። ውድነሽ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሳ ጭፈራው ላይ ፖዝ አደረገችው። ከሚደንሱት ልጃገረዶች ሦስተኛዋ ፍንጭት ናት፤ ፎቶው ላይ ያለችው ራሷ ናት። ውድነሽ አፈረች። እሷም አላመነቻቸውም ነበር።

እናትየው የሞተችው እሳቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ፊልሙ ላይ የምትናገረውም አንዴ ብቻ ነው፦ «አውቶቡሱ እኮ ሄደ፣ ጌታዬ!» ከዚያች በቀር ድምፅዋን አያውቁትም።

«አሁንም ትለዋለች?» አሉ ሚስተር ኸርበርት።

«ትለዋለች።»

«እስቲ በይልኝ።»

ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብላ ጮክ ብላ አለችላቸው።

«እንደሱ አይደለም። እየሳቀች ነው የምትለው።»

ውድነሽ ሳቅ እምቢ አላት። ግሌንዴል ያለው አፓርታማዋ ስትገባ እንዴት ዋልሽ የሚላት የለም፤ ስልኳም የሚጠራው ከሥራ ቦታ ለተጨማሪ ሺፍት ሲፈልጓት ነው። ከየት አምጥታ ትሳቅ? ደጋግማ ሞከረች። በአራተኛው ምላሷ ተወላከፈና ሳቋ ሳታስበው አመለጣት።

ሚስተር ኸርበርት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አዎ» አሉ ቀስ ብለው። «ልክ እንደዚያ።» «ነገም ትይልኛለሽ?»

«ነገ ኦፍ ነኝ፣ ሥራ አልገባም» አለች። ፊታቸው ጠቆረ።

በማግሥቱ ከሰዓት መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትገባ የሥራ ባልደረባዋ ዙህራ በር ላይ አገኘቻት።

«ዛሬ ኦፍ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። ቤት ብቻዬን ከምቀመጥ ብዬ ነው።»

ገብታ ወንበር ሳበችና አጠገባቸው ተቀመጠች። እሳቸውም ብርድ ልብሳቸውን ግማሹን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረጉላት።