የበረንዳዬ ሆድ

በሬን ሰው ካንኳኳው ሦስት ወር አልፎት ነበር፤ ስለዚህ መዶሻ የያዘ ጎልማሳ ቢመጣም አልከፋኝም።

«እማማ፣ ከመሬት ከፍ ያለ በረንዳ ሁሉ በየስድስት ዓመቱ ይመረመራል። ደንብ ነው» አለኝ።

«እኔንስ በስንት ዓመት አንዴ ነው የምትመረምሩኝ?»

ሳቀ። በረንዳው ላይ ሲወጣ ግን ሳቁን ዋጠው። ወለሉን በመዶሻው እየቆረቆረ ሄደ፤ ቃ፣ ቃ ሲል ቆይቶ ጥጉ ላይ እንደ በሰበሰ ዱባ ዱፍ አለ። ልስኑን በመሮ ገለጥ አደረገው። ውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮ የሚሉት፣ እየተላጠ በእጁ ቀረ።

«የውሃ መውረጃው ቀዳዳ የታለ? መዝገቡ ላይ አለ ይላል።»

እዚህ ላይ ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ። እኔ ዝም የምልበት ነገር ጥቂት ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት ከበታቼ ያለችው ጎረቤት፣ «ወለልሽን ባጠብሽ ቁጥር ውሃሽ ልብሴ ላይ ይንጠባጠባል» ብላ ደረጃው ላይ፣ ሰው ፊት፣ ተቆጣችኝ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ? ሞቼ ነው! አንድ ጣሳ ሲሚንቶ በጥብጬ ቀዳዳውን በገዛ እጄ ደፈንኩት። ከዚያ ወዲህ ጠብታዬ አልነካትም። ውሃው ግን መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ሰረገና ብረቱን በላው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ የሚፈሰውን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ማን ደፈነው?»

«ባሌ» አልኩት። ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አይከሰኝም።

የበረንዳውን በር በሁለት ጣውላ ቸንክሮ ቀይ ወረቀት ለጠፈበት። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩት፤ መውጣት ክልክል ነው።

«እስከ መቼ?»

«እስኪጠገን። አራት ወር፣ አምስት ወር...»

«ማዶኛዬስ?»

«ማን ናቸው?»

ማዶኛዬ ከመንገዱ ማዶ፣ እንደኔው ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አሮጊት ናት። ስልክ የላትም፤ አላምነውም ትላለች። ዘጠኝ ዓመት በረንዳ ለበረንዳ ተጯጩኸናል። ጠዋት ቀድማ የወጣችው «ሞትሽ እንዴ?» ትላለች፤ ሌላዋ «አንቺን ሳልቀብር?» ብላ ትመልሳለች። ልጄ ሩቅ አገር ናት፤ ከማዶኛዬ በቀር በቀን ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ይህን ለመዶሻ ያዥ ምን ብዬ ላስረዳው?

«ሂድ፣ ሌላውን መርምር» አልኩት።

በማግስቱ ከተቸነከረው በር ጀርባ ቆሜ ሰማኋት። «ሞትሽ እንዴ?» ጮኼ መለስኩ፤ ድምፄ ግን ከደንዳናው እንጨት አልፎ ከበድ ወዳለው ጆሮዋ አልደረሰም። ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። በሦስተኛው ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ሹራቤን ደርቤ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ ስልሳ ሁለት ደረጃ ወረድኩ። መንገዱን ተሻግሬ ያንኑ ያህል ወጣሁ። የማውቃት በፊት ለፊት ነው፤ በጓሮ በኩል በሩ ሁሉ አንድ ነው። ሁለት በር ተሳስቼ አንኳኳሁ። ሦስተኛው ተከፈተ። ከማዶ ግዙፍ የምትመስለኝ ሴት ትከሻዬ ላይ የምትደርስ ደቃቃ ሆና አገኘኋት።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተያይተን!

«አልሞትኩም!» ብዬ ጮህኩባት። ለሷ የሚሆን ሌላ ድምፅ የለኝም።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ተቃቀፍን። መንገድ ተሻግሮ የማያልቅ የነበረው ወሬ ፊት ለፊት ስንቀመጥ ደረቀ። ስለ ደንቡ ነገርኳት። «የኔን ባለፈው ሳምንት አይተውታል፤ ደህና ነው» ብላ ወደ በረንዳዋ አወጣችኝ።

የራሴን በረንዳ ከማዶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ወንበሬ ብቻዋን ውጭ ቀርታለች። ከሥሯ፣ ከላይ ሆኜ የማላየው የበረንዳው ሆድ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቆ ጠቁሯል።

«ይሄ ስንጥቅ መቼ ጀመረው?»

ፊቷን አዞረች። «ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ወድቄ እስክፈጠፈጥ ትጠብቂ ነበር?»

«በየጠዋቱ ልነግርሽ ነበር የምወጣው። ግን ከነገርኩሽ ቤት ትገቢያለሽ፣ በረንዳው ላይ አትወጪም። ከገባሽ ደግሞ እኔ...»

ልሰድባት አፌን ከፈትኩ። ስድብ መቼም አላጣም፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ስትደፍኚው አይቼሻለሁ።»

ደጃፍ ላይ፣ «ነገስ ትመጫለሽ?» አለችኝ።

«በዚህ ጉልበቴ?»

አልሄድኩም። ጠዋት ጠዋት ከጣውላው ጀርባ እቆማለሁ። «ሞትሽ እንዴ?» ትላለች። «አንቺን ሳልቀብር?» እላለሁ። መልሴ እንደማይሰማት ታውቃለች። መልሱ የሚፈጀውን ያህል ጠብቃ በሯን ትዘጋለች።