አሥራ ሁለት ጊዜ «እችላለሁ»

ደበሌ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው አያምንም፤ ፈገግ እያለ የሚመጣውን ደግሞ ጨርሶ። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. ሃኒ የምትባል ባለሙያ ከወልቂጤ መጥታ፣ እሱ ረዳት ሆኖ በሚሠራበት የቸሃ የእንስሳት ክሊኒክ ደጃፍ ላይ «ጤና ይስጥልኝ አቶ ደበሌ፣ የሥልጠና ፍላጎት ላጠና ነው» ስትለው፣ ገና ወንበር ሳይሰጣት ልቡ ተጠራጠረ።

«ምን ምን እንደማይችሉ ብቻ ይንገሩኝ» አለች ቅጹን እየዘረጋች።

በሆዱ ሳቀ። ምን እንደማይችል! አምና በወረዳው ጽሕፈት ቤት ያለው ባልደረባው ሰይፉ ግምገማ ላይ ተነስቶ «ድክመት አለብኝ» ብሎ በገዛ አፉ ተናገረ። ተጨበጨበለት። በወሩ ከደረጃው ዝቅ ተደረገ። ይቺም ሴት ያንኑ ግምገማ ስሙን ቀይራ ይዛው መጥታ ነው እንጂ ሌላ ምን ልትሆን ነው? ሹፌሯስ ከመኪናው ወርዶ የመድኃኒት መደርደሪያውን አሻግሮ የሚያየው ለምንድን ነው?

ጥያቄው አሥራ ሁለት ነበር። ማኮላሸት፦ እችላለሁ። ክትባት፦ እችላለሁ። እነዚህስ እውነት ናቸው። ዘጠነኛው ግን «ደም በማይክሮስኮፕ መርምሮ ገንዲን መለየት» ይላል። እዚያ ላይ ብዕሩ ቆመ። ገንዲ ከብቱን አክስቶ አክስቶ ነው የሚገድለው፤ ማይክሮስኮፑ ደግሞ ከመጣ ሁለት ዓመቱ፣ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም። ባለፈው ወር የእትዬ ውድነሽ ላም ስትከሳ የሆድ ትል ነው ብሎ በግምት መድኃኒት ሰጣት፤ ሞተች። ገበሬው «ዶክተር» ይለዋል እንጂ የተማረው በደርግ ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው።

«ይህንንስ ይችላሉ?»

«ምን ጥያቄ አለው!»

ሃኒ ካርቶኑን አየች፤ ከዚያ እሱን። «ስም አይጻፍበትም እኮ» አለች ቀስ ብላ።

ይህ ደግሞ ባሰ። በክሊኒኩ ያለው ረዳት እሱ ብቻ፤ ስም ምን ያደርግላታል? አሥራ ሁለቱንም «እችላለሁ» ብሎ ሞልቶ ሰጣት።

በሦስተኛው ወር ደብዳቤ መጣ፤ «ክሊኒኩ የሥልጠና ክፍተት የለበትም» ይላል። ሰባቱን «አልችልም» ብሎ የሞላው የጎረቤቱ የአገና ክሊኒክ ረዳት ፍቅሩ ግን ወልቂጤ ሠልጥኖ ተመልሷል። ደረጃውንም የነካበት የለም። ደበሌ ተናደደ፤ የተናደደው በራሱ ነበር።

በዚያው ሳምንት እትዬ ውድነሽ የቀረቻትን አንድ ላም እየጎተተች መጣች። ላሚቱ ከስታ ጸጉሯ ቆሟል፣ ዓይኗ ያለቅሳል፤ ልክ እንደ ፊተኛዋ።

«ዶክተር፣ እባክህ ይቺን እንኳ አድንልኝ።»

መርፌውን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ አላውቅም» አላት። «ያቺንም አላወቅኩም ነበር። ደሟን ይዤ አገና ፍቅሩ ጋ ላስመርምር።»

ከላሚቱ ጆሮ ደም ወስዶ መስታወት ላይ ቀባ። ሲደርቅ በዚያው ደብዳቤ ጠቅልሎ ወደ ሚኒባሱ ሊሮጥ ሲል ውድነሽ ክንዱን ያዘችው።

«አላውቅም ለማለት ላሜ እስክትሞት መጠበቅ ነበረብህ?»