ልጄ ያልለቀቀችው ፓኬጅ

የበኩር ልጄን ሰፈሩ ሁሉ «ሽማግሌው» ይለው ነበር፤ ከልጅነቱ ቁም ነገረኛ ስለሆነ። ፕሮግራመር ነበር። ታናሽ እህቱም እሱን አይታ እዚያው ሙያ ገባች። እሱን ፈጣሪ ከወሰደው ዓመት አልፎታል።

ያን ቀን ከሰዓት ልጅቷ ከቤት ሆና ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም ትሠራለች፣ እኔ ከጎኗ ልብስ አጣጥፋለሁ። አለቃዋ ደውሎላት ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።

«የቀጠሮው ፓኬጅ የደህንነት ክፍተት ተገኝቶበታል። የክሊኒኩን በሽተኞች መረጃ ማንም ገብቶ ሊያነበው ይችላል። አዲሱን ቨርዥን ለምንድነው የማትጭኚው?»

«አዲሱ ቨርዥን ሥራችንን ያበላሻል ብያለሁ።»

«እስከ ማታ ካልተስተካከለ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።» ዘጋው።

«ምንድነው ፓኬጅ የምትሉት?» አልኳት።

«በጃቫስክሪፕት ስንሠራ ሁሉን ከባዶ አንጽፍም፣ እማዬ። ሌላው ጽፎ በነጻ ያስቀመጠውን አውርደን እንጠቀማለን። ይሄኛውን የጻፈው ሽማግሌው ነው።»

እጄ ልብሱ ላይ ቀረ።

ለካ ሲታመም በኢንተርኔት ብቻ ለሚያውቀው ሰው አስረክቦት ኖሯል። ሰውየው እያደሰ አዲስ አዲሱን ያወጣል። እሷ ግን ወንድሟ በመጨረሻ የጻፈውን ፕሮግራሟ ላይ ቆልፋ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው እንዳይገባ አድርጋለች።

«ያበላሻል ያልሽው ሞክረሽው ነው?»

ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም።

«አንቺን እኮ ነው።»

«አልሞከርኩትም። እሱን ካወጣሁት ከእጁ ሥራ ምን ይቀረኛል?»

«ሲያስረክብ ሰውየውን ምን አለው?»

«ሲበላሽ አስተካክለው፣ በእኔ ሥራ ሰው እንዳይጎዳ፣ አለው።»

«ታዲያ ቃሉን ባዳው ጠበቀለት። አንቺስ?»

«አትጨክኚብኝ፣ እማዬ።»

«ጠዋት ጠዋት ስሙን ለፈጣሪ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተርሽ አይደለም። የበሽተኛ ገመና አደባባይ ሲወጣ ሽማግሌው ዝም ይል ነበር?»

«እሱ? የራሱን ጉንፋን እንኳ ለሰው የማያወራው?» ሳቅ አመለጣት። ሳቋ ሳያልቅ ዕንባዋ መጣ። አላባበልኳትም።

ፊቷን ጠርጋ ቁልፉን ፈታች፤ የድሮዎቹን ፓኬጆች ከነፎልደራቸው ደመሰሰቻቸው። ደንግጬ «ሁሉንም?» አልኩ።

«አሁን ተመልሰው ይወርዳሉ። የእሱ ግን በአዲሱ ነው።»

ወርዶ አለቀ። ስትፈትሸው አንድ ቦታ ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ አቀርቅራ አስተካከለችው። ከዚያ ለአለቃዋ ደወለች።

«ተጭኗል። ያበላሻል ያልኩህ ሳልሞክረው ነበር። ወንድሜ የጻፈው ስለሆነ ነው።»

አለቃዋ «ለምን አልነገርሽኝም፣ እህቴ?» አላት።

ስልኩን ስታስቀምጥ፣ «ከወንድምሽ የተረከበውን ሰውዬ ሥራ አየሽው?» አልኳት።

«አየሁት። ጎበዝ ነው። ሽማግሌው ከጻፈው የቀረው ጥቂት መስመር ነው፣ እማዬ።»

የመጨረሻውን ልብስ አጣጥፌ አስቀመጥኩ።

«ነፍሱን ይማር» አልኩ።

«አሜን» አለች። እሱ ከሞተ ወዲህ ለዚህ ቃል አሜን ብላኝ አታውቅም ነበር።