የመተላለፊያው ስፋት

አባትየው በያጁ ግቢ ውስጥ፣ ከተቆለሉት ቱቦዎች አጠገብ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ከቤት ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ወጥቶ ያየውም ብረት ነው። ምን ይደረግ። ከብት በገመድና በጉልበት መያዝ እሱ ላይ አበቃ።

ዳሌውን የሰበረው ሻለቃ ነው። ሻለቃ ኮርማው ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ስለሚራመድ ነው ስሙ። እናቱ ስትሞትበት በጡጦ ያሳደገው አባትየው ነው። ክፉ ቢሆን እኮ ይሻል ነበር፤ ጠልተው ይገላገሉት ነበር። ሲከተብ መርፌው አስደንብሮት ዞረ፣ አባትየውን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው፣ በቃ። አሁን በረቱን ብቻዋን የያዘችው ሴት ልጁ ናት። ክንዷ ላይ የበለዘ ነገር አይቶ ሲጠይቃት «በር መታኝ» ትለዋለች። የትኛው በር እንደሆነ ግን አትነግረውም።

በያጁ ለአባትና ለልጅ ሁለት ዓይነት አሳያቸው። ሁለቱም ከብት በተራ የሚገባበት ረጅም የብረት መተላለፊያ ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ አንገት የሚቆልፍ በር አላቸው። ልዩነታቸው ስፋታቸው ነው።

«ጠባቡ ለላምና ለጊደር ነው» አለ በያጁ። «ትልቅ ኮርማ ግን ትከሻው አያልፍም።»

«ሰፊውን ሥራልን» አለች ልጅቷ ቀድማ፣ አባቷን ሳታይ።

«ጎኑ የሚጠብና የሚሰፋ የለህም?» አለ አባት።

«ሞክሬው ነበር ጋሼ፣ እየተጣበቀ አስቸገረኝ። አልዋሽዎትም።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «እህቴ፣ ሰፊው ውስጥ ላሞቹ ይዞራሉ። ከዞሩ ከኋላ ገብቶ የሚመልሳቸው ሰው ያስፈልጋል። ማን አለሽ?»

«እኔ አለሁ» ብላ ሳቀች።

ያቺ ሳቅ የአባትየውን አንጀት በላችው። እሱን ላለማስከፋት ስትል ስንቱን ላም በደረቷ ልትመልስ እንደሆነ ገባው። ጠባቡ ከተሠራ ደግሞ ሻለቃ በገመድ ሊያዝ ነው፤ የሚይዘውም ያው እሷው ናት። ሁለቱም መንገድ እሷ ላይ ነው የሚያልቀው።

«ጠባቡን» አለ።

«አባዬ፣ ሻለቃስ?»

«ሻለቃ ምን ሆነ? ነጋዴ ሞልቷል።»

ወደ ቤት ተመለሱ። እሷ ሆድ ብሷታል፤ እሱ አፉን ከከፈተ እንባዬ ይቀድመኛል ብሎ ፈርቷል።

ሻለቃን የገዛው ነጋዴ የጭነት መኪና ይዞ፣ ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ መጣ። ገመድ ጣሉበት፣ ጎተቱት፣ ገፉት፤ ሻለቃ ወይ ፍንክች። አንዱን ጎረምሳ አጥር ላይ ሰቀለው፣ ሌላው ራሱ ወጣ። ነጋዴው መራገም ሲጀምር ልጅቷ ገመዱን ልትቀበል ተነሣች።

«አንቺ ተይው» አላት አባትየው። ክራንቹን ተመርኩዞ በረቱ ውስጥ ገባ። «ገመዱን ፍቱለት።»

«ጋሼ፣ ኧረ ይጨርስዎታል» አለ ነጋዴው።

«ፍቱለት አልኩ።»

ፈቱለት። «ና በል የኔ ጌታ» አለውና ወደ መኪናው መንገድ ጀመረ። ሻለቃ ያለ ገመድ ተከተለው። መወጣጫው ላይ ሽማግሌው ሲንገዳገድ እንኳ፣ እስኪረጋ ቆሞ ጠበቀው። ውስጥ ገብተው ጎን ለጎን ቆሙ።

ነጋዴው በሩን ለመዝጋት «ጋሼ፣ ይውረዱ እንጂ» ብሎ ደጋግሞ መጥራት ነበረበት።