ክዳኑን አትክፈቱ

ባሌ ዱዌን ክፉ ሰው አይደለም። ራቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትኩስ ሆኖ ከቀረበለት፣ ከእሱ የተሻለ ባል በመላው አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ አይገኝም። ከተማ ባለው የእህል መረከቢያ ቢሮ ሥራ ባገኘሁ ሰሞን፣ «ግድ የለም፣ ግቢ» አለኝ፤ «ራት ብቻ እንዳይዘገይ።» ደግነቱ ወሰን የለውም! ሁለት ጊዜ ከዘገየ ሥራውን እንድተው ተስማማን። ተስማማን ስል፣ እሱ ተናገረ፣ እኔ ሳህን አጠብኩ።

ሥራዬን ደግሞ እወደዋለሁ። የገበሬውን በቆሎ መዝግቤ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤ ጎረምሳው ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ «ወይዘሮ ቲድማን» ይለኛል። ቤት ውስጥ የምጠራው «ካልሲዬ የት ነው?» ተብዬ ነው።

ስለዚህ ያን ዓመት ሴቱ ሁሉ የተሻማበትን ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ገዛሁ። ጠዋት ሥጋና ድንች ከትተሽ ትሄጃለሽ፣ ማታ በስሎ ይጠብቅሻል ተብሏል።

የመጀመሪያው ቀን ስመለስ ድስቱ ለብ ብሏል። ልጄ ጆሊን ድንቹን ነክሳ፣ «እማዬ፣ ይሄ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል» አለች። ዱዌን ቀመሰና «ለየት ይላል» አለ። እኛ ዘንድ ምግብ ለየት ይላል ከተባለ ለውሻ መስጠት ነው። ሁሉን ገልብጬ ጋዝ ምድጃው ላይ እስካበስለው ድረስ መሸ። ግቢው ማዶ ካለችው ትንሽ ቤት ለራት የሚመጡት አማቴ አርዲስ ሳህናቸውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ይህ ከስድብ ይብሳል።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሥጋውን አደቀቅኩት፣ ድንቹን እንደ ጣት አሳነስኩት። ማታ ክዳኑን ብገልጠው ያው ነው። ጥሬ! ማልቀስ አማረኝ።

ሁሉም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ዱዌን ሰዓቱን አየ።

«በቃ» አልኩ። «ነገ ሄጄ ሥራውን እንደተውኩ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ ምንም አላልኩም እኮ» አለ ዱዌን፤ ደስ እንዳለው ግን ጆሮው ሳይቀር ይናገራል።

አርዲስ ሹካቸውን አስቀመጡ። «እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑን ነው እርስዎ?»

«ክዳኑን የምከፍተው። ዶሮዎቹን ባበላሁ ቁጥር እገባና አማስለዋለሁ። ሳይማሰል የሚበስል ወጥ አይቼ አላውቅም። ይዘገይብሻል ብዬ ፈራሁ፣ ልጄ።»

ደሜ ፈላ። «እማማ! በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል እኮ! ጨረሱኝ እኮ!»

«እኔም አንድ ሁለቴ ከፍቼዋለሁ» አለ ዱዌን፣ አንገቱን ደፍቶ። «ሽታው አስጎምጅቶኝ ነው።»

«አንተ ደግሞ ዝም በል!» አሉት አርዲስ። እኚህ ሴት ልጃቸውን ሲቆጡ ያን ቀን ገና ሰማሁ። «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቅቤ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ሚዛኑ ላይ ነበርኩ፤ በእኔ እጅ አንድ ግራም ዝንፍ አይልም ነበር። አባትህም ራት ካልዘገየ አለ። አንድ ቀን ዘገየሁ። አንዲት ቀን! በረዶው መንገዱን ዘግቶት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ዶሮ ሳበላ አለሁ።»

«አባባ ይሄን ነግሮኝ አያውቅም።»

«ምን ብሎ ይነግርሃል? አንተስ ለዚህች ልጅ ትነግራታለህ?»

ጆሊን ማኘኳን ትታ አባቷን ታየዋለች። የእኔ ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። እኚህን ሴት ስንት ዓመት ሙሉ ጠላቴ ናቸው እያልኩ ኖሬያለሁ።

ዱዌን ጥሬ ድንቹን በሹካ ሲያንከባልል ቆየና ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ ላቮን» አለ፣ ትልቅ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው፣ «ነገ ሥራሽን መሄድ ትችያለሽ።»

«አልጠየቀችህም» አሉት አርዲስ።