ስንቅ የተመለሰባት ደሴት

ሰማያዊ ነው ሐይቁ… ዝም ያለ፣ የጠራ፣ ሆዱ የማይታወቅ። በመሃሉ ደሴቷ፣ በደሴቷ ላይ የድንጋዩ ወህኒ ቤት፣ በወህኒ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነጫጭ ወፎች…

ለጉብኝት አልመጣሁም እኔ።

ጀልባዋ ላይ ሁሉም ፎቶ ያነሳል፣ ሁሉም ይስቃል። እኔ ውሃውን አያለሁ። በዚህ ውሃ ላይ ነው አባቴን ያሻገሩት፣ በአብዮቱ ዘመን፣ እጁን የፊጥኝ አስረው… የጂኦግራፊ መምህር ነበር አባቴ፣ ዘውገ። እናቴ የሠራችለትን ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር።

በየቅዳሜው እናቴና እኔ ስንቅ ይዘን ዳርቻው ላይ እንቆም ነበር። አንድ ወታደር በጀልባ መጥቶ ይቀበለን ነበር። አንድ ቅዳሜ አልተቀበለንም። ሳህኑን በጫማው ገፋ አደረገና፣ የቃሉን መጨረሻ እየጎተተ፣ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላት እናቴን።

ሌላ አልነገረንም… መቃብሩንም አላሳየንም።

ያን ድምፅ ይዤ አደግኩ። ያን ድምፅ ይዤ ተዳርኩ። ያን ድምፅ ይዤ እናቴን ቀበርኩ።

በቅርቡ የሥራ ባልደረባዬ ደሴቷን ጎብኝታ መጣችና የቀረጸችውን ቪዲዮ አሳየችኝ። አስጎብኚው ሽማግሌ ይናገራል። የቃሉን መጨረሻ ይጎትታል…

ለጉብኝት አልመጣሁም እኔ።

ሽማግሌው በሩ ላይ ተቀበለን። ጉልላት እባላለሁ አለ። ጋቢ ደርቧል፣ ከዘራ ይዟል። ከክፍል ክፍል እያዞረ፣ እዚህ ታስሬ ነበር አለን… እዚህ ተገርፌ ነበር… እዚህ ጓደኞቼን ሲወስዷቸው አለቀስኩ… ጎብኚዎቹ እንባቸውን ጠረጉ። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ እጁን ሳመችው።

የአባቴን ስቃይ ሰርቆ ለብሶታል። ቂሜ እንደ ፍም ሞቀኝ።

«ስንቅ የሚቀበለው ወታደርስ ማን ነበር?» አልኩት።

ዞሮ አየኝ።

«አንተ ነበርክ» አልኩት። አንቱ አላልኩትም። «የዘውገ ልጅ ነኝ። የባለ ቀይ ሹራቡ።»

እጁን የሳመችው ሴት ከንፈሯን በመሐረብ ጠረገች።

ከዘራውን ተደግፎ ወጣ፤ ተከተልነው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ቁልቋል ከበቀለበት ቆመ። የተቀበሩት እዚህ ናቸው አለ። ታዝዤ ነው አለ። ከዚህ ሌላ እንጀራ የለኝም አለ። ይቅር በይኝ ልጄ፣ አለ።

ይቅር አላልኩትም።

ለሚመጣው ሰው ሁሉ ጠባቂ እንደነበረ እንዲናገር፣ እዚህ ቆሞ የአባቴን ስም እንዲጠራ አዘዝኩት። አንድ ቀን ቢያስቀር ከፍርድ ቤት እንደማቆመው ነገርኩት።

አሁን በየቅዳሜው እሻገራለሁ። ከጎብኚዎቹ ኋላ እቆማለሁ። ጠባቂ ነበርኩ ይላል… ዘውገ ይላል… ድምፁ ይሰበራል። እጁን የሚስመው የለም።

ጠቁሮ ነበር ሐይቁ ባለፈው ቅዳሜ፣ በዝናብ። ከእኔ በቀር የተሻገረ አልነበረም። ቁልቋሉ አጠገብ ቆሞ፣ ጋቢው በስብሶ፣

«ዛሬ ማንም የለም። ዛሬን ተይኝ» አለኝ።

«እኔ አለሁ» አልኩት። «ጀምር።»